የባለነጠላው ዛፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። የሰቆጣ ብርድ የታወቀ ነውና ጋቢውን አልጠላሁትም። የጠላሁት ንግግሩን ነው። ኃላፊው ብድግ ብሎ «አቶ ኪሮስ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያገለግሉ ስማቸው አንድ ቀን በክፉ አልተነሣም» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ስሜ በክፉ ያልተነሣው በኔ ፈንታ የሌላ ሰው ስም ስለተነሣ መሆኑን ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰውየው ሙላው ይባላል። የተከዜ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ሌባ ተብሎ ከአስጋሪዎች ማኅበር የተባረረው እኔ መናገር የሚገባኝን አንዲት ቃል ስለዋጥሁ ነው። ያችን ቃል እንዴት እንደዋጥኋት ለማስረዳት ደግሞ ስለ አንድ ዛፍና ዛፉ ላይ ይኖር ስለነበረ ንስር መናገር አለብኝ።

በሙያዬ የዓሣ ሰው አልነበርሁም። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ መጀመሪያ የተመደብሁት ዝቋላ፣ ጽጽቃ ነው። የክትባት ሣጥኔን በትከሻዬ አንግቼ ከመንደር መንደር ፍየል ስከትብ ኖርሁ። ከዚያ ሰሃላ ላኩኝ። መኪና የማይገባበት አገር ስለነበር የሣጥኑ በረዶ ሳይቀልጥ፣ ክትባቱም ሳይበላሽ ለመድረስ በእግሬ እሮጥ ነበር። የውሎ አበል ከወራት በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይረሳል። ያም ሆኖ ሥራውን እወደው ነበር። የታመመ ፍየል ዓይኑን አይቼ፣ ጆሮውን ዳስሼ ሕመሙን እናገራለሁ። ፍየል የማስርባት አንዲት ቋጠሮም ነበረችኝ፤ ሁለት ጊዜ ትዞርና በራሷ ሥር ትገባለች፤ እንስሳው በታገለ ቁጥር እሷ ይበልጥ ትጠብቃለች። ሰው ቋጠሮዋን ሲያይ «ኪሮስ እዚህ ነበር» ይላል። እኮራባት ነበር።

ኋላ ግድቡ ተሠራና ተከዜ ሞልቶ ሐይቅ ሆነ። ዓሣው በዛ፤ ወጣቱ መረብ ያዘ፤ መሥሪያ ቤቱ የዓሣ ባለሙያ ፈለገ። ወደዚያ ቆላ መውረድ የወደደ ሰው አልነበረም። ምደባው ሲነገር እኔ ከስብሰባው ቀርቼ ነበር፤ የቀረ ሰው ደግሞ ይመደባል። የጥቂት ቀን ሥልጠና ወሰድሁና የዓሣ ባለሙያ ተባልሁ። ዋና አልችልም ነበር። አሁንም አልችልም።

ዓሣን ያስተማሩኝ አያ ወልዱ ናቸው። አያ ወልዱ ማሳቸውን ሐይቁ የዋጠባቸው ገበሬ ነበሩ። ሌላው ሰው መሬቱ ሲሰምጥ ወደ ደጋ ሲወጣ እሳቸው ጀልባ አበጅተው መሬታቸው ላይ ተመለሱ። ሲቀዝፉ ከውኃው ሥር ያለውን አገር እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። «ይኸ አውድማዬ ነው፤ ለጥ ያለ ነው፤ መረብ ጣልበት» ይላሉ። ትንሽ አለፍ ብለው «ይኸ የወንድሜ እርከን ነው፤ ድንጋዩ መረብ ይበላል» ይላሉ። ሲናደዱ በኽምጣኛ ያጉረመርማሉ፤ ሲያስተምሩ ግን በአማርኛ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ ነው።

የመረብ መስፊያቸውን ከፍየል ቀንድ ራሳቸው ቀርጸውታል። የመረብ ዓይን የሚለኩት በሁለት ጣታቸው ነበር፤ ሁለት ጣት የማያስገባ መረብ ካዩ ባለቤቱን «ሕፃን ልትበላ ነው?» ብለው ያሳፍሩታል። መረቡ እንዲንሳፈፍ የተጣለ ነጠላ ጫማ ክብ ክብ አድርገው እየቆረጡ ከላይኛው ጠርዝ ያስራሉ፤ የታችኛውን በጠጠር ያከብዳሉ። የተቀደደ ሲሰፉ አይቸኩሉም። ክሩን በጥርሳቸው ነክሰው፣ በግራ እጃቸው መረቡን ወጥረው፣ ቀኝ እጃቸው መስፊያውን ሲያመላልስ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን ቀዳዳ እሳቸው ወሬ እያወሩ ይደፍኑታል። ያችን ቀኝ እጅ ቁጭ ብዬ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የማይለቅ ልማድ ነበራቸው። ጀልባቸው ላይ የወጣ ሰው ጠርዙን ከያዘ ጣቶቹን መታ መታ ያደርጉና «እጅ!» ይላሉ። ውኃ የማያውቅ ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚጨብጠው ጠርዙን ነው። ጀልባው ከግንድ ጋር ሲላተም ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ጠርዝ ላይ ያለ ጣት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጊዜ እንደመቱኝ አላውቅም። አንድ ቀን «የመንግሥት ሠራተኛ አይመታም» ብዬ ብቀልድ «የመንግሥት ጣትም ቢቆረጥ መልሶ አይበቅልም» አሉኝ።

ሐይቁ መሀል አንድ ትልቅ የደረቀ ሁመር ነበር፤ ያ ፍሬው ጎምዛዛ፣ ሰቆጣ ገበያ የሚሸጠው ዛፍ። ውኃው ወገቡ ድረስ ቢውጠውም እንጨቱ ጠንካራ ነውና ቆሞ ቀርቷል። አናቱ ላይ ጥንድ ዓሣ በል ንስሮች ጭራሮ ከምረው ጎጆ ሠርተው ነበር። የዚህ ንስር ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር፣ ሆዱ ቀላ ያለ ነው። ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሽማግሌ ይመስላል ብለው አያ ወልዱ «ባለነጠላው» ይሉታል፤ ሰውም ተከተላቸው። ጠዋት ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ድምፁ ማዶ ገደል ደርሶ ይመለሳል። ለአደን አይቸኩልም። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ውኃውን ያይና በድንገት ይወርዳል፤ ውኃውን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዞ ይነሣል።

ዛፉ ለአስጋሪዎቹ ምልክታቸው ነበር። በዙሪያው የሰመጠ መንደር አለ፤ ግንዱ፣ የድንጋይ ካቡ፣ አጥሩ ሁሉ ከውኃው ሥር ነው። ሐይቁ ሲሞላ በዚያ መሀል ከሁመሩ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ ከሰሃላ ወገን የሚመጣ ጀልባ ሁሉ ባለነጠላውን ከሩቅ አይቶ፣ ሰፋ አድርጎ ዞሮ ያልፋል። ጭጋግ ሲሆን እንኳ ጩኸቱን ሰምተው ይርቃሉ።

ያን ዛፍ ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያት የሌለው ጥፋት መቼም የለም። ንስሮቹ መረብ ውስጥ የተያዘ ዓሣ ሲነጥቁ መረቡን ይቀዱታል። ከዛፉ ሥር አምባዛ የሚባለው ዓሣ ሞልቶ ሳለ መረብ መጣል አልቻልንም ብለው የማኅበሩ ሰዎች ተማረሩ። ከበላይም «ምርት ለምን አላደገም?» የሚል ደብዳቤ መጥቶብኝ ነበር። ውኃው እጅግ በሚጎድልበት በግንቦት ማመልከቻ ይዘው መጡ። «ዛፉ እንዲወገድ ተስማምቻለሁ» ብዬ ፈረምሁና ማኅተም መታሁበት።

አያ ወልዱ ሰምተው ወደብ ላይ ወዳለችው የቆርቆሮ ቢሮዬ መጡ። አልተቀመጡም።

«ዛፉ ይቆረጥ። ጉቶውስ?»

«ጉቶው ይታያል እኮ አያ ወልዱ። ከውኃው በላይ ነው።»

«ዛሬ ግንቦት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ውኃው ይመለሳል።»

«ምልክት አስርበታለሁ» አልኋቸው።

«ጎጆው ውስጥ ያልበረረ ጫጩት አለ» አሉ።

«በርሯል ብለውኛል» አልሁ። ማን እንዳለኝ አልጠየቁኝም፤ ያለኝ ሰውም አልነበረም። ወጥተው ሄዱ።

የማኅበሩ ሰዎች ሁለት ጀልባ አጣምረው አስረው፣ በመጥረቢያና በመጋዝ ግማሽ ቀን ታገሉት። ሙላው ግን መጥረቢያ አልነካም። ሙላው ሚስቱንና ልጁን ጽጽቃ አስቀምጦ ሐይቁ ላይ የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ በዋና ከማኅበሩ ሁሉ የሚስተካከለው የለም። «ቤቱ ውስጥ ልጅ አለ፤ ቤት በልጅ ላይ አላፈርስም» አለ። «የንስር አማች!» ብለው ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ።

ዛፉ ሲወድቅ ጎጆው ተበትኖ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ከጭራሮው መሀል አንድ ቡናማ ጫጩት በክንፎቹ ውኃውን እየመታ ይንፈራገጣል። ሁለቱ ንስሮች ከላያችን እየዞሩ ይጮሃሉ። ሳቁ ቆመ። ሙላው እንደለበሰ ዘሎ ገባ። ጫጩቱን በሸሚዙ ጠቅልሎ ሲወጣ ክንዱ በጥፍሩ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርድ ነበር። ከሰመጠው መንደር ወዲያ ጫፍ ያለ ሌላ የደረቀ ግራር ላይ ወጥቶ፣ እንጨት አጋድሞ ማረፊያ ሠራለትና አስቀመጠው። በሦስተኛው ቀን እናትና አባቱ ዓሣ ይዘው መጡ። እኔ በዛፉ ተጸጸትሁ ብል ውሸት ነው፤ ያን ቀን ያሰብሁት የወሩን ሪፖርት ነው።

ጉቶው በጀልባ ላይ የቆመ ሰው ደረት ያህል ከውኃው በላይ ቀረ። ከዚያ በታች ጎንበስ ብሎ መጋዝ አይመችም ብለው አልወረዱም። ምልክቱን ያሰርሁት በገዛ እጄ ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁ። ጀልባው ውስጥ ተቀምጬ፣ እጄ እስከደረሰበት፣ ከውኃው ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ጉጥ አገኘሁ። ገመዱ እንዳይሾልክ ከጉጡ ሥር አሰርሁት፤ ንፋስ እንዳያንገላታው ደግሞ አሳጠርሁት፤ አንድ ክንድ ብትሆን ነው። በፍየል ማሰሪያ ቋጠሮዬ አጠበቅሁና ተመልሼ ሄድሁ። ፍየል የታሰረበት መሬት ከፍ ዝቅ አይልም። ዕድሜ ልኬን ያሰርሁት መሬት ላይ ነው።

ሐምሌ ገባ፤ ውኃው በየቀኑ ከፍ ይል ጀመር። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሙላው ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ከልብሱ ውኃ ይንጠባጠባል።

«አቶ ኪሮስ፣ ጀሪካኑ እየሰጠመ ነው።»

«ጀሪካን እንዴት ይሰጥማል?»

«ገመዱ አጭር ነው። ውኃው ከፍ ሲል ጀሪካኑን ከሥር አስቀረው። ልፈታው ሞከርሁ፤ ቋጠሮው ከውኃው ሥር ጠብቆ እምቢ አለኝ። ጉቶው ገና ጫፉ ይታያል፤ በሦስት በአራት ቀን ይሸፈናል። ገመድ ይስጡኝ፣ አናቱ ላይ ሌላ ልሰርበት።»

ገመዱ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ዕቃ የሚወጣው በቅጽ ነው፤ ቅጹ ደግሞ አልቆ ነበር። በዚያ ላይ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጠረጴዛዬን ሞልቶታል።

«ሰኞ ና» አልሁት።

«ሰኞ ይረፍድ ይሆን?» አለ።

«ሙላው፣ ሰኞ አልሁህ እኮ።»

እሱም ሄደ። ሰኞ እኔ ለስብሰባ ሰቆጣ ተጠራሁ፤ ቁልፉም አብሮኝ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ኀሙስ ተመልሼ ከአያ ወልዱ ጋር ሰሃላ ወገን ተሻገርሁ። ዓሣ አሰነጣጠቅና አደራረቅ ሳሳይ ውዬ፣ ወደብ ላይ በአሥር ሰዓት የምትነሣውን መኪና ለመያዝ ቸኮልሁ። ስንመለስ ንፋሱ ከኋላችን ነበር። ውኃው በጎርፍ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። አያ ወልዱ ከኋላ ይቀዝፋሉ፤ እኔ ከፊት ነኝ። ድሮ ባለነጠላው የሚታይበት አቅጣጫ ባዶ ሰማይ ብቻ ነው።

«ጀሪካንህ የታለ?» አሉኝ።

አየሁ። ማዕበሉ ነጭ ነጭ ይላል እንጂ ቢጫ ነገር የለም።

«ገና አልደረስንም ይሆናል» አልሁ።

«ከዚህ ውኃ ሥር የአለቃ ብሩ ቤት ነበር። ደርሰናል። በሰፊው ልዙር።»

«በሰፊው ከዞርን መኪናዋ ታመልጠኛለች። ጉቶው ወደ ግራ ነው፤ ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

እሳቸው መቅዘፊያቸውን አቆሙ። ንፋሱ ግን አላቆመም፤ ይገፋናል። የሙላው ነገር በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ። «አያ ወልዱ» ብዬ ሳልጨርስ ጀልባው ከሥሩ በጉቶው ተመታ። አፍንጫው ተነሣና በጎኑ ዞረ። ከጉቶው አጠገብ ማዕበሉ እየሸፈነ የሚገልጠው ሌላ ግንድ ነበር፤ ማዕበሉ ጀልባውን አንሥቶ ወደዚያ ወረወረው። ግንዱ ሲመጣ አየሁት። ሰውነቴ ሁሉ ደንዝዞ ሁለት እጄ ጠርዙን ጨብጧል፤ ልቀቅ ብዬ ባዘውም አይለቅም።

«እጅ!» አሉ።

አልለቀቅሁም። ዘለው መጥተው በቀኝ እጃቸው ጣቶቼን ከጠርዙ ፈልቅቀው አላቀቁ። ግንዱ ጠርዙን ሲያገኘው እዚያ የቀረው የሳቸው እጅ ነው። ድምፁን ሰማሁ። እሳቸው አልጮሁም፤ በኽምጣኛ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። እንዴት ወደብ እንደደረስን በደንብ አላስታውስም። እሳቸው በግራ እጃቸው ሲቀዝፉ፣ እኔ በባርኔጣ ውኃ ስጨልፍ፣ ጀልባው ውስጥ ያለው ውኃ ሲቀላ አስታውሳለሁ። መኪናዋ አላመለጠችኝም። አያ ወልዱን ወደ ሐኪም ይዤባት ወጣሁ።

እጃቸው ዳነ ይባል እንጂ ጣቶቹ ደርቀው ቀሩ። መስፊያ መያዝ አልቻሉም። ያች ቀኝ እጅ ከዚያ ወዲህ አንድ መረብ አልሰፋችም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጀሪካኑን ማን ወሰደው? ሁለት አስጋሪዎች ተነሥተው ሙላውን ከጉቶው አጠገብ ገመዱን ሲጎትት አየነው አሉ። ዛፉ ሲቆረጥ ተቆጥቶ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ደግሞ ጥሩ ጀሪካን ሌባ አያጣም። ሙላው ብድግ አለ።

«ጀሪካኑ ከውኃው ሥር ታስሯል። ጠልቄ ላውጣው» አለ።

ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ውኃው በጎርፍ ደፍርሷል፤ አዞም አለ፤ የሰው ነፍስ አንጫወትበትም አሉ።

«እንግዲያው አቶ ኪሮስን ጠይቁ። ገመዱ አጭር ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ገመድ ለምኛቸዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አያ ወልዱ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጠዋል። «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላል የአገሬ ሰው። ሥሩ እኔ ነበርሁ። አዎ ካልሁ ያጠረው ገመድ የኔ ነው፤ ቁልፉ የኔ ነው፤ ፊርማው የኔ ነው፤ ያች እጅም የኔ ዕዳ ናት። ሥራዬን አጣለሁ አልሁ በልቤ። ደግሞም፣ ምናልባት እኮ ወስዶት ይሆናል አልሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል ሩቅ አይሄድም።

«አላስታውስም» አልሁ።

ሙላው አየኝና ተቀመጠ። በዚያው ዕለት ከማኅበሩ ተሰረዘ፤ በሳምንቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሩቅ ቆላ ወረደ ሲሉ ሰማሁ።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት አያ ወልዱ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ጀልባቸው ላይ አስወጡኝና በግራ እጃቸው ቀዘፉ። ውኃው ጎድሎ ጉቶው ዳግም ብቅ ብሏል። ጀሪካኑ ከጉጡ ሥር ተንጠልጥሏል፤ ጎኑ ተጨራምቷል፤ ጭቃ ለብሷል፤ ቢጫው ግን ይታያል። ገመዱ አንድ ክንድ ናት። ቋጠሮውም የኔ ነው።

«ፍታው» አሉኝ።

ጥፍሬ እስኪነቀል ታገልሁና ፈታሁት። ሲናገሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እኔ ሰው ፊት አልናገርብህም ኪሮስ። አፉ ያንተ ነው። ግን ለማኅበሩ እስክትናገር ድረስ ጀልባዬ ላይ አትወጣም።»

ቢሮዬ ገብቼ ሪፖርት ጻፍሁ። «ምልክቱ በተፈጥሮ ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል» ይላል። ማንም አላነበበውም። ጀሪካኑን ሰቆጣ ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትሁት። ከዚያ በኋላ ኃላፊዎች ተቀያየሩ፤ አገር ታወከ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ቢሮ ተዘግቶ ተከፈተ። እኔም የዓሣ ባለሙያ ሆኜ ውኃ ላይ ሳልወጣ ከወደቡ ዳር ሠራሁ። ወገቤን ያመኛል እላለሁ። አያ ወልዱ በየጊዜው ሰላም ይሉኛል፤ ግባ ግን አላሉኝም። ያ ዝምታ ከሥራ መባረር እንደሚከብድ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የጋቢው ቀን ማታ ጀሪካኑን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። ሙላው ከቆላ ተመልሶ ጽጽቃ ድንጋይ ይጠርባል ሲሉ ሰምቼ ነበር። በማግስቱ ተነሣሁ። ሚስቱ በሩ ላይ አገኘችኝና ጀሪካኑን አየች፤ ገመዱም አብሮት ነበር።

«ለዚች ነው?» አለች። «ሴቱ ውኃ ስቀዳ የሌባ ሚስት ሲለኝ የኖረው፣ ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ የተመለሰው፣ ለዚች ነው?»

ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጥሁ። ሙላው ከውስጥ ወጣ። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ክንዱ ላይ የንስሩ ጥፍር ጠባሳ አለ። ገመዱን አንሥቶ በክንዱ ለካው። አንድ ክንድ። ቋጠሮ የነበረበትን ጠምዛዛ ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ነግረኸኝ ነበር» አልሁት። «ዓርብ ነበር። ልብስህ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ሰኞ ና አልሁህ። አላስታውስም ያልሁት ዋሽቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ለኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ ሌባ አለመሆኔን አላጣሁትም። ለነሱ ይንገሯቸው። ከነገሯቸው በኋላ ስለ ይቅርታው እናያለን።»

ቅዳሜ አስጋሪው ሁሉ ዓሣውን ሊያስመዝን ወደብ ላይ ሲሰበሰብ፣ ሙላውም ከጽጽቃ መጥቶ በቆመበት፣ ጀሪካኑን መሀል አስቀመጥሁ። ከፊርማው ጀምሬ እስከ «አላስታውስም» ድረስ ሁሉንም ተናገርሁ። ያኔ ሙላውን ገመድ ሲጎትት አየነው ካሉት አንደኛው አንገቱን ደፋ። ሌላው ግን ተነሥቶ «ይኸን ሁሉ ዘመን፣ አቶ ኪሮስ? እኛን ምስክር አድርገው?» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው አልሁ። አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበልኝም፤ ሊጨበጨብልኝም አይገባም። ጸሐፊው መዝገቡን አውጥቶ ሙላው የተሰረዘበትን ገጽ ፈለገና ስሙን እንደገና ጻፈው። ሙላው ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ አያ ወልዱ ጀልባ ሄዶ፣ ከሳቸው እጅ መቅዘፊያውን ተቀበለ።

እኔ በጋቢዬ ተጠቅልዬ ዳር ላይ ቀረሁ። ሥራዬን ጨርሻለሁና ወደ መኪናው ልመለስ ዞር ስል ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ» አሉ አያ ወልዱ።

ገባሁ። ሙላው ይቀዝፋል። ከሰመጠው መንደር ወዲያ ጫፍ፣ ያ ግራር አናቱ ላይ ትልቅ የጭራሮ ክምር ይታያል፤ አጠገቡ ነጭ ራስ ያለው ንስር ተቀምጧል። ከሰሃላ የሚመጡት ጀልባዎች አሁን እሱን አይተው ይዞራሉ። ሙላውም ከሩቅ አየውና ጀልባውን በሰፊው አዞረ። የጎን ማዕበል መጣና ጀልባው ዘመመ። ስንት ዘመን ውኃ ላይ አልወጣሁምና ፈራሁ፤ ሳላስበው ጠርዙን ጨበጥሁ።

አያ ወልዱ ጎንበስ ብለው በዚያች በደረቀች ቀኝ እጃቸው ጣቶቼን መታ መታ አደረጓቸው። እጄን አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ።